ወንዝን ሳይለኩ ሕዝብ ማስፈር፦ ከቡሌ ደጋ ጅረቶች የሚገኝ ትምህርት

በድርቅ የተጎዳ ወይም ከቀዬው የተፈናቀለ ሕዝብ የሚያርፍበትን ቦታ ለመምረጥ የሚላክ ቡድን አስቀድሞ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ «ውሃ አለ ወይ?» የሚለው ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ጉብኝት ይገኛል። ጅረቱ ሲፈስ ይታያል፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች ደርቆ እንደማያውቅ ይመሰክራሉ፤ በሪፖርቱም ላይ «በቂ ውሃ አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይሰፍራል። ይሁን እንጂ ይህ ዓረፍተ ነገር ለሠፈራ ሥራ የሚያስፈልጉትን ሁለት ቁጥሮች አይሰጥም። አንደኛው ጅረቱ በዓመቱ ውስጥ እጅግ ሲያንስ የሚኖረው የውሃ መጠን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እጅግ ሲሞላ የሚደርስበት ከፍታ ነው። የመጀመሪያው ስንት ሰው ማስፈር እንደሚቻል ይወስናል፤ ሁለተኛው ቤቱ የት ላይ መቆም እንደሌለበት ይናገራል። ሁለቱም የሚገኙት ወንዙን በየቀኑ በመከታተል እንጂ በጉብኝት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ክትትሉ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ከተለካውም ቁጥር ምን ዓይነት ውሳኔ እንደሚወጣ በጌዴኦ ዞን የቡሌን ደጋ ምሳሌ አድርገን እናስረዳለን።

ቡሌን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የጌዴኦ ምድር በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ተዳፋት ሲሆን ቡሌ ከላይኛው ጫፍ ይገኛል። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የቡሌ ደጋ ከፍተኛው ክፍል ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ቢለካ ሃያ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ከምሥራቃዊው ደጋ ተነሥተው እንደ ለገዳራና ዋላሜ በዲላ ዙሪያ የሚያልፉት ወንዞች ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጠውን ቁልቁለት በአጭር መንገድ ይወርዳሉ። ከዚያም ወደ ጊዳቦ፣ ከጊዳቦም ወደ አባያ ሐይቅ ይዘልቃሉ። በዚህ ዓይነት ምድር ውሃው በክረምት ፈጥኖ ይመጣል፤ በበጋም ፈጥኖ ይሄዳል።

ዝናቡም እንደ ሰሜኑ የአገራችን ክፍል አንድ ወጥ ክረምት አይደለም። አንዱ የዝናብ ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል። ከኅዳር ማብቂያ ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ በጥርና በየካቲት ጅረቶች ወደ ዝቅተኛ መጠናቸው ይወርዳሉ። ከሰሜን የመጣ ባለሙያ የወንዞችን ሙላት በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ቢጠብቅ እዚህ ይሳሳታል።

የጌዴኦ ገበሬ ተዳፋቱን የያዘበት መንገድ ለውሃው ጉዳይ ታላቅ ድርሻ አለው። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥር እንሰት፣ ወረድ ባለውም አገር በእንሰቱ መካከል ቡና ይተከላል። የዝናቡ ጠብታ አፈሩን ከመምታቱ በፊት በዛፍ ቅጠል፣ ቀጥሎም በእንሰት ቅጠል ላይ ኃይሉን ያጣል፤ መሬቱም በረገፈ ቅጠል የተሸፈነ ስለሆነ ውሃው ይሰርጋል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሠፍር ከታዩለት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የእርሻ ዘዴ ነው። የሰረገው ውሃ ነው በጥር ወር ምንጭ ሆኖ የሚወጣው። የእንሰቱና የዛፉ ሽፋን በሳሳበት ተዳፋት ላይ ግን ያው ዝናብ በጥቅምት ጎርፍ፣ በየካቲት ደረቅ ድንጋይ ይሆናል። ይህ ለውጥ በአንድ ዓመት በዓይን አይለይም። የሚለየው ለዓመታት በተያዘ መዝገብ ነው።

ወደ ሠፈራው ታሪክ ስንመለስ፣ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሰፊ የሠፈራ ዘመቻ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜንና ከመካከለኛው ኢትዮጵያ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዷል። የቦታ መረጣው በጥድፊያ መካሄዱ በብዙ ጥናቶች ተጽፏል። በዚያ ፍጥነት የአንድ ወንዝ የበጋና የክረምት መጠን ሊታወቅ እንደማይችል ግልጽ ነው። በጌዴኦ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በተከሠተው ግጭት ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ወጥቶ በጌዴብ፣ በይርጋ ጨፌ፣ በዲላና በሌሎችም ቦታዎች በትምህርት ቤቶች፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በሜዳ ላይ ለመጠለል ተገዷል። ወቅቱም የዝናብ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ መጠለያ የሚሠራ ሰው ወንዙን ለመለካት ጊዜ የለውም፤ ሊጠቀም የሚችለው ቀደም ሲል በተለካው ብቻ ነው። እንግዲህ መለኪያው መተከል ያለበት ማንም በማይፈናቀልበት ደህና ዓመት ነው።

የመለኪያው አተካከልና አነባበብ

መሣሪያው ቀላል ነው። በሴንቲሜትር የተከፋፈለ፣ ቀለሙ የማይለቅ የብረት ሰሌዳ በጽኑ ምሰሶ ወይም በድልድይ እግር ላይ ይታሰራል። ቦታው ሲመረጥ ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት፣ ዳርቻው የማይናድ፣ ከታቹም አለት ወይም ጠባብ መተላለፊያ ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ አለቱ የውሃውን ከፍታ ስለሚገዛ ንባቡ ከዓመት ዓመት አይዛባም። የሰሌዳው ዜሮ ከበጋው ዝቅተኛ ውሃ በታች መሆን አለበት። ይህ ባለመደረጉ በጥር ወር ሰሌዳቸው ከውሃ ውጭ ደርቆ የሚቀር ጣቢያዎች አሉ፤ ለድርቅ ሥራ እጅግ የሚፈለገው ንባብ ጠፋ ማለት ነው። ደጋው የሚያበቅለው ቀርከሃ ለጊዜያዊ ምልክት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ስለሚበሰብስና ጎርፍ ስለሚነቅለው በእርሱ ላይ መዝገብ መመሥረት አይገባም።

ከሰሌዳው ራቅ ብሎ፣ ጎርፍ በማይደርስበት አለት ላይ፣ ቋሚ ምልክት ይቀረጻል። የሰሌዳው ዜሮ ከዚህ ምልክት ስንት ሜትር ዝቅ እንደሚል ተለክቶ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ይጻፋል። ጎርፍ ሰሌዳውን ቢወስደው አዲሱ በዚያው ከፍታ ሊተከል የሚችለው በዚህ ምልክት ነው። ምልክት የሌለው ጣቢያ ሰሌዳው በተነቀለ ቁጥር መዝገቡ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ንባቡ በአገራችን የተለመደው ጧት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። ይህ ለዝግተኛ ወንዝ በቂ ሲሆን ለቡሌ ዓይነት ጅረት ግን አይበቃም፤ ከሰዓት በኋላ በጣለ ዝናብ የተነሣው ሙላት በሌሊት አልፎ ጧት ላይ ውሃው ወደ ቦታው ተመልሶ ይገኛልና። ስለዚህ ከሰሌዳው ጎን ከላይና ከታች ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ተተክሎ ውስጡ ዘንግና ጥቂት የቡሽ ዱቄት ይደረጋል። ውሃው ሲወጣ ቡሹ አብሮ ይንሳፈፋል፤ ሲወርድም በደረሰበት ከፍተኛ ቦታ ዘንጉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ተመልካቹ ጧት ዘንጉን አውጥቶ የሌሊቱን ከፍተኛ ሙላት ያነባል፤ ጠርጎም ይመልሰዋል። ቧንቧ ባይገኝ በድልድይ እግር ላይ ዝናብ በማይመታው በኩል በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፤ ውሃው እስከ ደረሰበት ድረስ ያጥበዋል።

ከፍታን ወደ ውሃ መጠን መለወጥ

ሰሌዳው የሚናገረው ከፍታን ነው። ለሥራ የሚያስፈልገው ግን በሴኮንድ የሚያልፈው ውሃ ነው። ለዚህም በዓመት ውስጥ በተለያየ ከፍታ ላይ፣ በበጋም በሙላትም፣ ፍሰቱን በቀጥታ መለካትና እያንዳንዱን ልኬት ከሰሌዳው ንባብ ጋር ማዛመድ ያስፈልጋል። የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ወንዝ ከውሃው ገጽ ወደ ታች የጥልቀቱን 0.6 ያህል ዝቅ አድርጎ ይለካል፤ ጥልቅ ሲሆን በ0.2 እና በ0.8 ላይ ለክቶ አማካዩን ይወስዳል። መሣሪያው የሌለው የወረዳ ሠራተኛም ሥራው አይቀርበትም። ቀጥ ባለ 20 ሜትር ላይ ተንሳፋፊ ነገር ይጥላል፤ በ25 ሴኮንድ ቢደርስ የገጹ ፍጥነት በሴኮንድ 0.80 ሜትር ነው። ከሥር ያለው ውሃ ከገጹ ስለሚዘገይ በ0.85 ይባዛና 0.68 ይሆናል። የወንዙ ስፋት 6 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.40 ሜትር ቢሆን የሚያልፈው ውሃ 6 በ0.40 በ0.68፣ ማለትም በሴኮንድ 1.63 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ተንሳፋፊውን ቢያንስ አምስት ጊዜ፣ በመካከልም በዳርና ዳርም መጣል ይገባል። ነፋስ የሚገፋው ቀላል ነገር ከመጣል ግማሹ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ብርቱካን ይሻላል።

በእነዚህ ልኬቶች የሚዘጋጀው የከፍታና የፍሰት ማዛመጃ ሠንጠረዥ ለዘለዓለም አይሠራም። አንድ ትልቅ ጎርፍ የወንዙን ወለል ሊቆፍር ወይም በደለል ሊሞላ ይችላል። ከእያንዳንዱ ታላቅ ሙላት በኋላ ቢያንስ አንድ ልኬት ተወስዶ ሠንጠረዡ መፈተሽ አለበት።

በጊዳቦ ተፋሰስ ውስጥ አፖስቶ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የቆየ መዝገብ ያለው የመለኪያ ጣቢያ አለ፤ ብዙ ጥናትም የተሠራው በእርሱ ነው። ስለ ቡሌ ጅረቶች ግን አይነግረንም፤ እነርሱ ጊዳቦን የሚያገኙት ከአፖስቶ በታች ነውና። ይህ የአገሪቱ ሁሉ ችግር ነው። የአባይን ሙላት ለመለካት በካይሮ ሮዳ ደሴት ላይ በ9ኛው መቶ ዘመን የተሠራው መለኪያ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል፤ ሙላቱም በአብዛኛው ከእኛ ተራሮች የሚወርድ ነበር። በተራሮቹ ላይ ያሉት ትናንሽ ጅረቶች ግን ዛሬም በብዛት ሳይለኩ ይፈስሳሉ።

የበጋው ቁጥርና የሰው ቁጥር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ዝናብ ካቆመ በኋላ ጅረት የሚቀንሰው በዘፈቀደ አይደለም፤ በየወሩ ከነበረው ላይ ተመሳሳይ ድርሻ እያጣ ይሄዳል። ለምሳሌ አንድ ከምንጭ የሚነሣ አነስተኛ ጅረት ታኅሣሥ 1 ቀን በሴኮንድ 4.5 ሊትር፣ ጥር 1 ቀን 3 ሊትር ቢገኝበት በአንድ ወር ሲሶውን አጥቷል ማለት ነው። ዝናብ ካልጣለ የካቲት 1 ቀን ወደ 2 ሊትር፣ መጋቢት 1 ቀን ወደ 1.33 ሊትር ይወርዳል ብሎ መገመት ይቻላል። ለዚህ ልኬት የሚያስፈልገው በርሜል፣ ጀሪካንና ሰዓት ብቻ ነው። 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል በ44 ሴኮንድ ቢሞላ ጅረቱ 4.5 ሊትር ይሰጣል፤ 20 ሊትሩ ጀሪካን 15 ሴኮንድ ቢፈጅ 1.33 ሊትር ነው።

ከዚህ ቁጥር ስንት ሰው ይጠጣል? በአስቸኳይ እርዳታ ሥራ እንደ ዝቅተኛ መለኪያ የሚወሰደው ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። ቡድኑ በታኅሣሥ 1 ቀን ጎብኝቶ ቢያሰላ 4.5 ሊትር በሴኮንድ በቀን 388,800 ሊትር ስለሚሆን 25,920 ሰው ይበቃል ይላል። በመጋቢት 1 ቀን ግን በቀን የሚገኘው 115,200 ሊትር ነው፤ ይህ ለ7,680 ሰው ነው። ከዚያም ላይ ለከብቱ፣ ለነባሩ ነዋሪና ከታች ላለው ሕዝብ ግማሹ ቢቀር 3,840 ሰው ብቻ ይቀራል። ማጠራቀሚያ ገንዳ ካልተሠራ ደግሞ የሌሊቱ ውሃ ሳይቀዳ ስለሚያልፍ ይህም እንደገና በግማሽ ይቀንሳል። አንዱ ጅረት፣ አንዱ ቀመር፤ የጉብኝቱ ቀን ብቻ ተለወጠ። በሃያ አምስት ሺህና በሁለት ሺህ መካከል ያለው ልዩነት በየካቲት ወር በጀሪካን ሰልፍ፣ ከነባሩ ሕዝብ ጋር በሚነሣ ጠብና ከተበከለ ኩሬ በሚቀዳ ውሃ ይከፈላል። ስለዚህ የሠፈራ ጥናት ላይ «በቂ ውሃ አለ» ከሚለው ይልቅ የተለካበት ቀንና የወሩ መቀነስ ድርሻ ቢጻፍ የሚያጸድቀው ባለሥልጣን ምን እንደሚፈርም ያውቃል።

በጌዴኦ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ከቡሌ ወረድ ብሎ ባለው የቡና አገር የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በወንዞች ዳር ተሠርተዋል። የሚሠሩትም በመኸሩ ወራት፣ ልክ ወንዙ መቀነስ በጀመረበት ጊዜ ነው። ውሃ ይቀዳሉ፤ የታጠበበትንም ገለባና አተላ የያዘ ውሃ መልሰው ሊለቁ ይችላሉ። ስለዚህ ከታች ብቻ የተተከለ መለኪያ መቀነሱን ያሳያል እንጂ ድርቅ ይሁን ፍጆታ አይለይም። ከላይ በቡሌ አንድ፣ ከታች ከማጠቢያዎቹ በኋላ አንድ ሰሌዳ ሲኖር ግን በመካከል የሚገቡ ገባር ጅረቶች ታስበው ልዩነቱ ሊታወቅ ይችላል። ከላይ ያለው ሳይቀንስ የታችኛው ቢወርድ ጉዳዩ የድርቅ ሳይሆን የአጠቃቀም ነው፤ መፍትሔውም የእህል ጭነት ሳይሆን የውሃ ተራ መደልደል ነው። ከታች በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጊዳቦ የመስኖ ግድብ ስላለ ከላይ የሚወርደውን ውሃ ማወቅ ለእርሱም የሚጠቅም ነው።

ስለ ጎርፍ

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ ድሬ ዳዋን በሌሊት ሲያጥለቀልቅ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ ላይም የኦሞ ወንዝ ዳሰነችን አጥለቅልቆ ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ። ሁለቱ ጎርፎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የኦሞ ውሃ ረዥም መንገድ የሚጓዝ ስለሆነ ከላይ የተለካ ከፍታ ለታች ሰው ቀናት ሊሰጠው ይችላል። የድሬ ዳዋው ከአቅራቢያ ተራሮች የሚወርድ ደራሽ ነው። የቡሌ ጅረቶች ወደ ሁለተኛው ያዘነብላሉ። ወንዙ በጠመዝማዛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ሙላቱም በሴኮንድ 2 ሜትር ይጓዛል ብንል ወደ ዲላ ለመድረስ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ቢፈጥን ሁለት ሰዓት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ንባቡ በወሩ መጨረሻ በደብዳቤ የሚላክ ከሆነ ለጥናት እንጂ ለሰው ሕይወት አይሆንም።

በሰሌዳው ላይ ሦስት መስመሮች በቀለም ይሰመራሉ፤ አረንጓዴው የመዘጋጃ፣ ቢጫው የማስጠንቀቂያ፣ ቀዩ የመልቀቂያ ናቸው። መስመሮቹ በግምት የሚሰመሩ አይደሉም። ከታች በወንዙ ዳር የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ስንት ከፍታ ላይ እንዳለ ተለክቶ፣ የቀድሞ ጎርፍ በዛፍና በድልድይ ላይ የተወው የጭቃ ምልክት ተፈልጎ፣ ሽማግሌዎችም ተጠይቀው ይወሰናሉ። ለዚህ የጌዴኦ ሶንጎ የሚናቅ ምንጭ አይደለም፤ ውሃው በማን ዘመን የት እንደ ደረሰ የሚያስታውስ ሰው የሚገኘው ከዚያ ነው። መልእክቱ በስልክ ቢተላለፍም በከባድ ዝናብ መስመር ሊቋረጥ ስለሚችል በየመካከሉ በጥሩምባ ወይም በደወል የሚቀባበል ሰው መመደብ አለበት። የዝናብ መለኪያም ከሰሌዳው ጋር በቡሌ ቢኖር ውሃው ወንዝ ውስጥ ሳይገባ ገና ሲዘንብ ስለሚታወቅ ተጨማሪ ጊዜ ይገኛል።

ተመልካቹ ከሁሉ አብልጦ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ምልክት አለ። ዝናቡ እየጣለ ሳለ የወንዙ ከፍታ በድንገት ከወረደ ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። ከላይ መሬት ተንሸራትቶ ወንዙን ገድቦት ሊሆን ይችላል፤ የተጠራቀመው ውሃ ግድቡን ሲሰብር የሚመጣው ጎርፍ ከተለመደው ሁሉ የከፋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰው የፈጀው የመሬት መንሸራተት በእኛ ደቡብ ተዳፋቶች ላይ ዝናብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቷል። እንዲህ ያለ ድንገተኛ መውረድ ሲታይ ቀዩ መስመር እንደ ታለፈ ተቆጥሮ ከታች ያለው ሕዝብ ወዲያው ከዳርቻው መነሣት አለበት፤ ምክንያቱ የሚጣራው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በአንድ ሰው ላይ ነው። ተመልካቹ ቤቱ ከወንዙ አጠገብ የሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ሌሊትም ተነሥቶ ሊያይ የሚችል የአካባቢው ነዋሪ መሆን አለበት፤ በታመመ ጊዜም የሚተካው ሁለተኛ ሰው ከመጀመሪያው ቀን መሠልጠን ይገባዋል። አበሉ ትንሽ ነው፤ ትንሽም በመሆኑ በበጀት ቅነሳ ጊዜ አስቀድሞ የሚረሳው እርሱ ነው። ሰሌዳ ለመትከል ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ለአምስት ዓመት የተመልካች አበል ካልመደበ ብረት ተከለ እንጂ ጣቢያ አቋቋመ ለማለት ያስቸግራል። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይያዛል፤ አንዱ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በተመልካቹ እጅ። ንባቡ ሳይወሰድ የቀረበት ቀን ባዶ ይተዋል፤ ምክንያቱም በአጠገቡ ይጻፋል፦ «ጎርፍ መንገድ ዘጋ»፣ «ለቅሶ ሄጄ ነበር»፣ «ሰሌዳው በደለል ተሸፈነ»። ያላዩትን ቀን የትናንቱን ቁጥር ደግሞ መጻፍ ከባዱን ሙላት ከመዝገቡ ያጠፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ቡድን የሠፈሩን ዳርቻ የሚያሰምረው በዚያ መዝገብ ነው።